ጨለማ ፍለጋ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጥግ፣
ጨለማ ጠፍቶኝ ቆሜአለሁ፣ መብራት በጠፋበት ሰው ወግ።
ቀን መሰላል ተሸክሜ አምፖል የምሰቅል እኔ፣
ማታ የሰቀልሁት ሁሉ ጦር ሆኖ ይመጣል ወደ ዐይኔ።
ያን ከቅያሱ ጫፍ ያለውን፣ ነጩን የመንገድ መብራት
በጥቅምት እኔው ነኝ ያሰርሁት።
«ከጅብ ተገላገልን፣ እጅህ ይባረክ» ብሎኛል ሠፈሩ፤
ምርቃቱን ተቀብዬ፣ ይኸው
ሰማዬን ከፈልሁበት።

ካሜራዋ ሁለተኛ እጅ ናት፣ የሁለት ወር ደመወዝ።
መከታተያዋን ራሴ ሠራሁ፦ ሁለት ጣውላ፣ የበር ማጠፊያ፣
ከሞተ ፕሪንተር የፈታሁት ሞተር፣
ከሥሩ የባጃጅ ባትሪ። ውርጭ እንዳይነካት
በከተማችን ብርድ ልብስ ጠቅልያታለሁ እንደ አራስ፣
ዐይኗ ብቻ ሲቀር።

ምድር ትዞራለች፤ ጣውላው ደግሞ በተቃራኒዋ፣
እንዲህ ነው ኮከብ ባለበት የሚቆም።
ለዚህ ግን መጀመሪያ የሰሜኗን ኮከብ ማግኘት ነው፤
እሷ ደግሞ በእኛ አገር ዝቅ ትላለች፣ ትሑት ናት፣
ከጋሽ ንጋቱ ጣሪያ በላይ ሁለት ክንድ ብትሆን ነው።
ጋሽ ንጋቱም ባውዛቸውን የሰቀሉት
እዚያው ላይ ነው።
ሌባ ፈርተው። ያላቸው አንድ ጋሪና ሁለት በግ ነው።

ሠላሳ ሰከንድ አንድ ምስል። ሠላሳ ሰከንድ ሌላ።
ለብቻው እያንዳንዱ ምንም፤ ሰማዩ የደፈረሰ ጠላ።
መቶውን፣ ሁለት መቶውን አንዱን ባንዱ ላይ ስትደርበው ግን
ጫጫታው እርስ በርሱ ይጣፋል፣
የማይዋሸው ብቻ ይቀራል።
ምስክር ማብዛት ነው ነገሩ፣ የድንበር ክርክር እንዳለበት ሰው።

በታኅሣሥ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ ከበሬሳ ማዶ
ድው! አለ ትራንስፎርመር።
«ውይ!» አለ ጠባሴ በአንድ አፍ።
እኔ፣ የመብራት ኃይል መታወቂያ በኪሴ፣
«እሰይ» አልሁ፣ ለራሴ።

ሰማዩ ወረደ። አጥሩ ላይ ተቀመጠ።
ከሦስቱ ኮከቦች ቀበቶ ዝቅ ብሎ፣ ያ ጉም፣ ኔቡላው፣
ከዋክብት የሚጠነሰሱበት፤
ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ተጉዞ
ጋሽ ንጋቱ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ይሞት የነበረው ብርሃን
ዛሬ ሳያንኳኳ ገባ።
አንድ። ሁለት። ስድስት። ጣቴ ደነዘዘ። ዘጠኝ።
አሥራ አንድ ስል

«ፍሬሰንበት! ነቅተሃል?»
ከአጥሩ ወዲያ፣ እትዬ አሰገደች።
«መቶ ሃያ እንቁላል፣ አሥራ ስምንተኛ ቀናቸው፣
ማስፈልፈያው ቀዘቀዘብኝ። በብድር ነው የገዛሁት።»
ሌላ አልተናገሩም።
ጨለማው ውስጥ ትንፋሻቸው ብቻ ይታየኝ ነበር፣ እሱም ጉም።

አሥራ ሁለተኛው ምስል ግማሽ ላይ ነበር።
ባትሪውን ነቀልሁ።
የሳጥኑን አራት አምፖል አውጥቼ የባጃጅ አምፖል አሰርሁ፣
ብርድ ልብሱንም ከካሜራዋ ገፍፌ ሳጥኑን አለበስሁ፤
ስመለስ ውርጩ ሌንሷን አሳውሯት ነበር።
በዚያ ሁሉ ጨለማ በቅያሳችን የቀረው አንድ መብራት
የእኔው ሥራ፣
በሳጥኑ ስንጥቅ ይፈስሳል።

ከአሥራ አንዱ የወጣው ይኸው ነው፦
አሸዋ የመሰለ ሰማይ፣ መካከሉ ላይ ቀላ ያለ ነገር።
ለእትዬ አሰገደች አሳየኋቸው።
ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣
ባትሪ አብርተው እንቁላል እንደሚያዩት፣
የደም ሥር እንደሚፈልጉበት።
«ይሄማ ይዟል» አሉ።
«አራተኛ ቀኑ ነው፤ አታናውጠው።»