ወንበር አለ

ሲስተር ሐያት ወረቀት ይዛ፣ «ከዜሮ እስከ አስር፣
ሕመምሽ ስንት ይሆናል?» አለቻት፣ «ንገሪኝ በቁጥር።»
እትዬ አስካለ ዝም።
ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጠች፣
በጨለማ ሳንቲም ዳብሳ አንዴም ያልተሳሳተች፣
ለገዛ አጥንቷ ሲሆን ቁጥር አጣች።
«ሦስት» አለች ቆይታ፣ ሰው ላለማስቸገር፤
እጇ ግን የአልጋውን ብረት ጨብጦ ነበር፣
ሙሉ አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ እንደሚጨበጠው።

ማታ ጎላ፣ ቤታችን፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ፣
«ባንተና በኔ መሀል» አለችኝ፣ «ሒሳቡን እንለውጥ።
ወንበር አለ ካልኩህ፣ ተወኝ፣ ደኅና ነኝ።
ቆመዋል ካልኩህ፣ ጀምሯል፣ ጎኔን እየገፉኝ።
በሩ አይዘጋም ካልኩህ ግን
ጥያቄ አታብዛብኝ።»

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፣ ፒያሳ፣ አንድ በረንዳ ሥር፤
ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ደቂቃ ስቆጥር።
ሲስተር ሐያት በር ላይ ይዛኝ ያለችኝ ግን አዲስ ነበር፦
«ሕመሙን አትጠብቅ። ሰዓቱን ጠብቅ።
ተኝታም ቢሆን ቀስቅሳት፤ እስክትለምንህ አትጠብቅ።»
አስራ ሁለት። አራት። ስምንት።
አስራ ሁለት። አራት። ስምንት።
ቤታችን ሌላ ቁጥር የለውም፣ ሌላም ጸሎት።

አክስታችን ይርገዱ ጠርሙሱን አይታ ፊቷን አዞረች።
«ሞርፊን ተስፋ ለቆረጡበት ነው፤ ሱስም ነው» አለች፤
«እናታችሁ እንዲህ ያለ ሳትቀምስ፣ ችላ ነው የሄደች።»
ችላ።
ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሰምቻለሁ።
ችላ ነው የሄደች።
ችላ ተብላ።

አንድ ሰሞን ግን እኔም፣ ልናገረው፣
ፋርማሲው «አልቋል፣ ሰኞ ተመለስ» ሲለኝ
ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ ለካሁ፤
አራቱን ሰዓት፣ ለእሷ ሳልነግር፣ ስድስት አደረግሁ።
ሰዓት ጠጋኙ ሰዓት ሰረቅሁ።
ስምንት አለፈ። ዘጠኝ።
አልጠራችኝም። ነጠላዋን ነክሳ፣
ቃሉ አልወጣ ሲላት በቀለበቷ ግድግዳውን መታች፣ ሦስቴ፣
ድሮ በሳንቲም የአውቶቡሱን ብረት መትታ
ሾፌሩን እንደምታስቆመው።

መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ እስከ መስመሯ ስቤ
በጉንጯ ውስጥ ቀስ በቀስ አንጠባጠብኩ፤
እስኪይዝላት ግማሽ ሰዓት።
እንደዚያ የዘገየ ሰዓት በሕይወቴ አልጠገንኩም።
ሲነጋ፣ ማዘዣው በደረት ኪሴ፣
ቸርችልን ሽቅብ፣ ቸርችልን ቁልቁል፤
አራተኛው መስኮት ላይ አንዲት ልጅ «አለ» አለችኝ።
«አለ» የሚሉት ቃል!
አስፋልት ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣
ሊስትሮው ጫማዬን እያየ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ለምን እኔን?» አለችኝ።
ፓፓያ እየላጥኩ ነበር
(መድኃኒቱ ሆድ ያደርቃል፤ ይህንንም ተምሬያለሁ)።
«መልስ የለኝም፣ እትዬ።»
ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች።
«ይሄን እኔ ለስንቱ ተሳፋሪ ብያለሁ» አለች፤
«ዝርዝር ሲጠፋ የሚባል ነው።
አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ተይው ብሎ ይወርዳል።»
«አንቺስ?»
«እኔማ ትኬቴን ይዤ እሳደባለሁ።»

ዛሬ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ አባርቷል።
በሜክሲኮ በኩል አንድ ከባድ መኪና እያቃሰተ ያልፋል።
ደወሉ ሳይጮኽ ነቃሁ። ጠርሙሱ። መስመሯ። አንድ ጉንጭ ውሃ።
ቀሰቀስኳት፤ ዋጠች።
አልጋው ራስጌ ቆሜ ቆየሁ፣ ከዚያ፣
«እንዴት ነው፣ ሞልቷል?» አልኳት።
ዓይኗን ሳትገልጥ ትንሽ አሰበች።
እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ
የአልጋውን ጫፍ መታ መታ አደረገች፦
«ወንበር አለ» አለችኝ።
«አንተም ተቀመጥ።»