ቅጠል አይደለም

አንታናናሪቮ፣ ሦስተኛው ፎቅ፤ መብራት ሄዷል ዛሬም።
በጥርሴ ከነከስኩት የእጅ ባትሪ በቀር ሌላ ብርሃን የለኝም።
ከስፒል ጫፍ ላይ አንዲት ድንክ ፌንጣ፣
ዘጠኝ ሚሊሜትር፣ ቡናማ፣ እግሯን አጣጥፋ፣
ከስሟ በፊት ሞታ።

መጽሐፉ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ፤
እንደ መሸበት እንግዳ ከደጅ ወደ ደጅ ይዣት እዞራለሁ።
«የጀርባዋ ጋሻ ከጭኗ ያልፋል?» ያልፋል። ወደ አራት።
«እሾህ አለበት?» የለበትም። ወደ ሰባት።
«ግንባሯ ከዓይኗ ይሰፋል?» ይሰፋል፣ በጥቂት።
«አንቴናዋ ስንት አንጓ ነው?» አሥራ አንድ አልኩና
ትንፋሼን ውጬ ቆጠርኩት እንደገና፤
አሥራ አንድ።
አሥራ አራተኛው ደጅ ላይ ማንኳኳቱ አበቃ፤
ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው፤ ቤት የለም፣ በቃ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሳጥኗ ላይ በእርሳስ
«ወገኗ አልታወቀም» ይላል፤ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ስመልስ።
ወገን የሌለው በሙዚየምም የሚያድረው በር ሥር ነው፤
እሷም ከመሳቢያው ጥግ፤ ጎረቤቷ
የተነቀለ ስፒል የተወው ቀዳዳ ነው።

ያገኛት ዛፊሱሉ ነበር፣ መንገድ መሪያችን፤
ሌሊት፣ በካፊያ፣ አልቅት ገብቶ ስንማረር በጫማችን፣
እሱ ከወደቀ ግንድ ሳረንስት ላይ ጣቱን አኖረና
«ይሄ ቅጠል አይደለም» አለኝ፤ «ተመልከቺ፣ ቩአሂራና።»
ተመለከትኩ። ቅጠል ነው።
ጣቱን ነቀነቀ፤
ከቅጠሉ መሀል ቅጠል ያልሆነው ዘለለ።

መግለጫ መጻፍ መካድ ነው፣ አብዛኛው፤
ይህ የላትም፣ ያ የላትም፣ ክንፏ ለስሙ ያህል ነው፤
ጆሮ የላትም። የሩቅ ዘመዶቿ ጨለማውን በጭናቸው ሲሞርዱ ሲያድሩ
እሷ ዝም ብላ አልጌ ትግጣለች
ከረጠበ ድንጋይ ዳሩ።

ስም ሲቀራት ደወልኩ ለዛፊሱሉ፤
ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ፣ ነፋስ እየነጠቀ ከቃሉ።
«ባንተ ስም ልሰይማት» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ።
«ተይ። ጫካው እየሳሳ ነው። ነገ እሷ ስትጠፋ
"ዛፊሱሉ ከምድር ጠፋ" ተብሎ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤
ሰባት ልጅ አለኝ፤ ‘አባታችሁ አለ’ ብሎ ማን ያስረዳልኛል?»
«ታዲያ ማን ልበላት?»
«ያኔ ያልኩሽን። በእኛ አፍ። ጺራቪና።
ቅጠል አይደለም።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ካሉ፣
መልአኩ ያን ቀን የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ
ከስልኩ ባትሪ ጋር እየተሽቀዳደመ ነበር።
እኔም ላቲን የሚወደውን ጅራት ቀጠልኩላትና ወገን ሆነች፤
ራሷ ቤት፣ ራሷ ደጅ፣ ራሷ ዘመድ አዝማድ ሆነች።

ገምጋሚው ከባሕር ማዶ ጻፈ፦ «ወንዱስ የት አለ?
አንዲት ሴት ብቻዋን ለወገን ትበቃለች ወይ?» አለ።
ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ።

ወንዱን ፍለጋ ተመለስን።
ግንዱ የነበረበት ዳገት አመድ ሆኗል፤
ከአመዱ ላይ ሩዝ በቅሏል፣ አረንጓዴ፣ ለዓይን የሚያሳሳ።
የዛፊሱሉ አማች ማሳ ነው። ማን ሰው ይወቅሳል ማሳ?
የዚያኑ ዳገት ያምናውን ምርት ማታ አብስለው ሰጡን።
በላን። ጥሩ ሩዝ ነበር።

ቀዩን ካርድ ከስፒሉ ሥር ሰካሁ፤ ስሙን እሷ ትሸከም ብዬ።
«ወንዱ፦ አልታወቀም።» ነጥብ። ኮምፒዩተሩን ዘጋሁ።

ዛፊሱሉ ግን፣ ይሉኛል፣ ቱሪስት ሲመራ እንኳ
ከየግንዱ ሥር ይቆማል፣ ጎንበስ ይላል፣
ጣቱን ያኖራል፦
ይሄ ቅጠል ነው።
ይሄም ቅጠል ነው።
ይሄም።