መሐል ሜዳ

ቅዳሜ ከሰዓት ወፍጮዬን ዘጋሁት፤
ባለገብሱ ሁሉ ጆንያውን ጥሎት
ኳስ ሜዳ ሄደ አሉኝ፤ እኔም ተከተልሁት።

አምና ተመልካቹ እኔና ዘበኛው፣
ሌላው ከመስመር ዳር ሣር የሚግጥ በግ ነው።
ዘንድሮ ባናና ጋቢ ተደራርቦ
የመስመሩን ኖራ ረግጦታል ከቦ።

ጥሩአየር፣ ስምንት ቁጥር፣ ኳስ ነጥቃ ስትመጣ
ባጨበጨብኩ ቁጥር ከእጄ ዱቄት ወጣ።

"ይህ የሴት አይደለም" ሲሉ የከረሙት
አባቷ ጋሽ ዘርጋው፣ ከመስመሩ ገብተው
"ዳኛው ሌባ!" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁት።

ስልክ ጮኸ፤ ዘመድ ነው፣ ከደብረ ብርሃን።
"ልጅቷስ የት አለች?"
"መሐል ሜዳ።"
"እሱማ አገሯ ነው፤ የጠየቅሁዎ ጋሼ፣ ያለችበትን…"
"መሐል ሜዳ አልኩህ!" ብለው ዘጉበት፤
የማዕዘን ምት ደርሶ፣ ለወሬ ማን ጊዜ ኖሮት።