ከማማ አገር የመጣች

በጥቅምት ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ከሣሩ፣
ጋሽ ፈንታሁን ገና ቁልፍ ሲያዞር ከበሩ፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣ ሰባ የሚሆናት፣
ጫማዋ የተራራ፣ ሻርፕ የደረበች ናት።
"ከጆርጂያ" አለች፣ "ከካውካሰስ ጥጉ፣
ማማና በረዶ ጎን ለጎን ካደጉ።"
ስሟ ኤተሪ ነው። እኔ ግን ወዲያው
"እትዬ ኤተሪ" አልኳት፤ ደስ አላት ዜማው።
የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብር፣
እንደ አሮጌ ድልድይ፣ በጥንቃቄ የምንሻገር።

ጀመርኩ እንደ ልማዴ፦
ይህ የአባት ግንብ፣ ያኛው የልጁ፣ ያ የልጅ ልጁ፣
ይህ የአንበሳው ቤት፣ ያ የግብር ደጁ፣
ዓመተ ምሕረቱን በግራ ጣቴ፣ ነገሥታቱን በቀኝ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆጠርኩት፣ በእንቅልፌም የማይጠፋኝ።

እሷ ግን አትሰማኝም።
በቀለበቷ ጫፍ ድንጋዩን ታንኳኳለች፣
ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ደግሞ ታሸታለች፣
ምላሷን ልታስነካው ነው ስል፣ ዞር ብላ እንዲህ አለች፦

"ኖራውን ማን አቦካው?"

ዝም።

"ውኃውንስ ከየት ቀዱ? በአህያ ነው በእንስራ?
የድንጋይ ፈላጩን ስም፣ አለ እንዴ አንድ የሚጠራ?"

ነገሥታቱን ከነአባት ከነአያት የሚያውቅ አንደበቴ
ጭቃ እንደ ፈራች በቅሎ ቆመ፣ በገዛ አገሬ፣ በገዛ ቤቴ።
ከዚያ ያላሰብኩት ወጣ፦
"አባቴ ግንበኛ ነበር።"

ለጎብኚ ነግሬ አላውቅም። ለልጆቼም በቅጡ።
ግንቡ ሊጠገን፣ ያኔ፣ መሐንዲሶች ሲመጡ፣
ኖራ ጉድጓድ የዋለ፣ ኖራ ጣቱን የበላው፣
ማታ ቅቤ ስንቀባው "ተዉት፣ ይድናል" የሚለው።
ሰባት ዓመቴ ነበር። ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ወሰደኝ፣
ከአጥሩ ስንጥቅ ፊት፣ ብብቴን ይዞ አነሣኝ፣
አውራ ጣቴን እርጥቡ ኖራ ላይ ተጫነው፦
"ይህን ማንም አያነበውም" አለ። "ያንተ ነው።"

"የታለ?" አለች።
"ምኑ?"
"ጣትህ ነዋ!"

ሲሳይነው ባጃጁን አስነሣ። ቁልቁል፣ በፒያሳ፣ ወደ ቀሃ፣
እትዬ ኤተሪ ሻርፗን ይዛ፣ በየጉድጓዱ "ሃ!" "ሃ!"
ደረስን። ዋርካው ቀድሞናል።
ሥሩ እንደ ሽማግሌ እጅ ድንጋዩን ጨብጦ፣
ስንጥቁንም፣ ኖራውንም፣ ጣቴንም ውጦ።

"ይቅርታ" አልኳት። ለምን እንዳልኳት አላውቅም።
አላዘነችልኝም።
"እኛ ዘንድ በረዶው ነው እንዲህ የሚያደርግ" አለችና
አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ከቦርሳዋ ቁልፍ አወጣችና፣
የክንድ ግማሽ የሚያህል፣ የዛገ፣ በሱው መሣል ጀመረች።
ከዚህ ወዲያ አስጎብኚዋ እሷ ሆነች።

"ይኸው ወንዙ። ይህ ገደሉ። ይህ ጊዮርጊስ፣ ያንተም የእኔም።
ይህ ቤታችን፦ ከሥር ላም፣ ከላይ ድርቆሽ፤ ክረምቱ አይነካንም።
ይህ ማማው፤ ደረጃ የለውም፣ መሰላል ነው፣
ጠላት ሲመጣ ወጥተን መሰላሉን የምንስበው።
አሁን ጠላት ቀርቷል። መንገዱም አማረ፣ አስፋልት ሆነ፤
ልጆቻችን ወረዱበት።"

"በሩስ?" አልኩ፣ ቁልፉን እያየሁ።
"በሩን ናዳ ወሰደው። ቁልፉ ግን ደህና ነው።"

ፊደሏንም ጻፈችልኝ፣ እንደ ወይን ሐረግ ጥምዝምዝ።
"ስንት ናቸው?" "ሠላሳ ሦስት።"
ከሀ እስከ ፐ በጣቴ ቆጠርኩላት። ሠላሳ ሦስት!
ሁለት የቄስ ተማሪ ሆነን ሳቅን፣ አንዷ ሰባ፣ አንዱ ሃምሳ።

ከዚያ መዳፏን ዘረጋች፦ "የአስጎብኚ ክፍያ!"
የሰጠችኝን ግማሹን መለስኩላት። ቆጥራ ተቀበለች።

እኔ ፓስፖርት የለኝም። ሩቄ ደባርቅ ናት።
ያን ቀን ግን ካውካሰስ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ምሳ ሳይደርስ።

ሲሳይነው ባጃጁን ሊያዞር ወደ ኋላ ሲል፣ የኋላ ጎማው
ወንዙን ተሻገረ፣ ጊዮርጊስን ጨረፈ፣ በማማው ላይ ቆመ።
አንገቱን አወጣ፦
"ትገባላችሁ አትገቡም? ሌላ ሰው ይጠብቀኛል እኮ!"