የጀንበሩ ሸክላዎች

ስድስት ልባስ አለ፤ አምስት ሸክላ ብቻ።
ከአልጋው ራስጌ፣ ከግድግዳው ዳርቻ፣
አጎቴ ጀንበሩ በቁም ደርድሯቸው፣
ዓርብ ዓርብ በጥጥ፣ በአልኮል ሲያብሳቸው
መርፌ ሊወጋቸው ያዘጋጀ ይመስላል።

የጤና ኮሌጁ ፈረንጅ መምህር
ሻንጣውን ቆልፎ ከጎንደር ሊበር፣
ድስቱን ለዘበኛው፣ አልጋውን ለጎረቤት፣
እኒህን ለጀንበሩ፣
ወባ ሲፈልግ ለሚያመሽ በላቦራቶሪው ቤት።

የዘፋኙን ስም አንደበቱ አልለመደም፤
"ባለካባው" ይለዋል።
ካባው ግን አንድ አይደለም።
እዚህ ፊቱን በብር እንደ ማንኪያ ቀብቶ፣
እዚያ ከግንባሩ የድኩላ ቀንድ አውጥቶ፣
ደግሞ ሙሽራ ነው፣ ቬሎ ተከናንቦ፣
ደግሞ ሽማግሌ፣ ሽበት ተበድሮ፣ በምርኩዝ ተስቦ።
ብርማው ጥርሱን የነቀለበት ነው፤ ይጮኻል፣ ይጣደፋል።
ሁለቱ አይረቡም፤ "ገንዘብ ሲያጥረው ነው የሠራቸው" ይላል።
እነሱንም ግን ያብሳል።

እማማ ትርንጎ ከቀሃ ማዶ መጥተው፣
አንዱን ካንዱ ጋራ አስተያይተው አይተው፣
"ይሄ ልጅ ፈረስ ነው" አሉ በሹክሹክታ፣
"ጋላቢው ብዙ ነው። አንዱ ሲወርድ ላፍታ
ሌላው ይፈናጠጣል።
ለሱስ አደባባይ፣ መብራት፣ የሺህ ሰው ጭብጨባ፤
እኔን ግን ሲይዘኝ፣ በር ዝጉባት! ደብቋት! ጓዳ ትግባ!"
ጀንበሩ ዝም ብሎ መርፌውን አሳረፈ።
ቀንዳሙ ሸክላ ነው፤ ከበሮው ደረት እየደለቀ አለፈ፤
ጊታሩ በኋላ፣ እንደተቆጣ ንብ።
ትከሻቸው ቀድሟቸው ተነሣ።
ሲያበቃ፣ "ይህን ጌታ አውቀዋለሁ" አሉ፣ "ስሙን ነው የምረሳ።"

ሰባ ዓመተ ምሕረት። ሌሊት። በር ተደበደበ።
ባትሪው ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ ልባሶቹን አነበበ።
"ይህ የማን መልክ ነው? የምን ቡርዧ ነው?"
ጀንበሩ ተረኛ ነበር፤ ነጭ ጋዋኑን ገና አላወለቀው።
"ጓድ፣ በእጅህ አትንካው! የቆዳ በሽታ ነው፣ የማስተማሪያ ሥዕል።
በመጀመሪያው ወር ፊት ብር ይመስላል።
ኋላ ቀንድ ያበቅላል።"
"ይህኛውስ?"
"እሱማ… ሲጠና ቬሎ ያስለብሳል።"
እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ወጡ።

ይህን ሲያወራ ዛሬም ይስቃል፤ እስከዚህ ድረስ።
ከመካከላቸው አንዱ፣ ጢም ያልጀመረው፣ ጠመንጃው የከበደው፣
የረሳው ነገር ያለ መስሎ ተመልሶ መጣ፤
ልባሱን፣ በሽታውን ፈርቶ፣ በሁለት ጣቱ ከፈተው፣
ሸክላውን አወጣ፣
ከኮቱ ሥር ሸሽጎ ጨለማው ውስጥ ገባ።
የሙሽራይቱን።
ጀንበሩ "ለሠርጌ ዕለት" ብሎ ሳይሰማ ያቆየውን።
ሠርጉም ዘገየ፤ ኋላም ቀረ።

"ከሁሉ ይበልጣል" ይላል አጎቴ፣ "የሽማግሌው።
ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር ሲዘፍነው።
ጉልበት ቋ ሲል፣ ትንፋሽ ደረጃ ላይ ሲቆም፣
እንዴት አወቀብኝ ከእኔው ቀድሞ?"
በሰባ ስድስቱ፣ የፒያሳን ዳገት ቆሞ፣ ቆሞ፣ ቆሞ
ሲወጣ አየዋለሁ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ቀን ስልኬን አውጥቼ፣
"ሙሽራይቱ እዚህ አለች" አልኩት፤ "ልክፈትልህ? አንድ ንክኪ ነው።"
እጄን ያዘኝ።
"ያ ልጅ ማጫወቻ አልነበረውም" አለ። "በምን ሰማው?"

ዓርብ ማታ፣ ክረምቱ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
አንዱን ሸክላ ካሰማኝ በኋላ
ባዶውን ልባስ ከአምፖሉ ሥር ያቆመዋል።
እንቀመጣለን። ሃያ ደቂቃ።
ተነሥቶ ይገለብጠዋል።
እንደገና ሃያ።