ቀኝጌታና ግራጌታ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የጋሽ ልየው ፎቶ ቤት፣ ጣሪያው ዝናብ የሚያስገባ፣
ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለው፣ ሲነፍስ የሚወዛወዝ፣
ውሃው ቀለም ነው እንጂ ማንንም አያቀዘቅዝ።

እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፍላሽ ይዤ
ስንቱን ፊት አነጣሁ፣ በብርሃን አፍዝዤ፤
ልክ እንደ ክስ ወረቀት፣
አፍንጫ የሌለው ፊት፣ ጥላ የሌለው አንገት።
ሰውም አልከፋውም፤ «ነጭ አድርገኝ» ይላል፤
ነጭ አደርገዋለሁ፤ ከፍሎኝ ይሄዳል።

ጋሽ ልየው አንድ ማታ ከባሕር ዳር ሲመጣ
ከማዳበሪያ ከረጢት ሁለት ፍላሽ አወጣ፤
ያገለገሉ ናቸው፣ ያንዱ ክዳን በፕላስተር፣
ማቆሚያቸው የባሕር ዛፍ እንጨት፣ የታሰረ በክር።

«ያኛው ቀኝጌታ ነው፣ ይሄኛው ግራጌታ፤
አንዱ ካልመራ በቀር አንዱ አፉን አይፈታ።
መሪው ብልጭ ሲል ተቀባዩ ያያል፤
ሽቦ የላቸውም፤ አይቶ ይመልሳል።»

ጋሽ ልየው ዲያቆን ሳለ፣ ያኔ ደምበጫ ሲኖር፣
ድምፁ ከዳውና ተወ፤ ዜማው ግን አልተወውም ነበር።

ለልምምድ የሚቀመጥልኝ አጣሁ፤ ሰው ሁሉ ሥራ አለው።
ከቅዳሜ ገበያ ዱባ ገዛሁ፣ ቆብ ደፋሁለት፣ ስሙንም አልሁት «እንዳለው»፤
ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ወጋሁለት፣ ዓይን እንዲሆነው።
ቀኝጌታን በጎን ሰቀልሁት፣ ከራሴ በላይ፤
ግራጌታን በነጭ ሻሽ ጋረድሁት፣ ድምፁ ጎልቶ እንዳይታይ።

ብልጭ። ሁለቱም ባንድ አፍ ብለው፣
ዱባው ሁለት ጥላ ጣለ፣ ግድግዳውን ለሁለት ከፈለው፤
አንዱ ወደ ቡሬ፣ አንዱ ወደ ደምበጫ፣
ርስት የተካፈሉ ወንድማማች፣ ከሸንጎ መውጫ።

«ሁለቱም እኩል ከጮሁ ምን ይሰማል?» አለኝ፤
«አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይተንፍስ» ብሎ መከረኝ።
«ጥላን አትግደለው፤ ጉንጭ የሚቆመው በሱ ነው፤
ዱባህን ከግድግዳው አርቀው፤ መሬት ላይ ይውደቅ፣ ተወው።
ዓይኑ ውስጥ ደግሞ ኮከብ ፈልግ። ኮከብ ካጣህበት
ሰውዬው ገና ደጅ ነው፤ አልገባም እዚህ ቤት።»

ብዙ ማታ። መብራት ሄደ። ዱባው ሸተተ። ባትሪ አለቀ።
አንድ ማታ ግን ጥላው፣ እንደ ለጋ ቅቤ፣ ጉንጩ ላይ ቀልጦ ዘለቀ።

አያ ገደፋው መጣ ኀሙስ ረፋዱ ላይ፣
ድንጋይ ጠራቢ ነው። ግራ ዓይኑ ነጭ ነው፤ ፍንጣሪ በልቶት አያይ።
«ልጄን ልድር ነው» አለ፤ «ለሷ ግድግዳ የሚሆን አንሣኝ።»

«ትንሽ ዞር በል አያ፤ ይሄን ጎን ጥላ እናልብሰው» አልሁኝ፣
ብልህ ነኝ ብዬ። ዝም ብሎ አየኝ፤ ባንዱም በሌላውም አየኝ።

«የደብሩ ግድግዳ ላይ ዞር ብሎ የተሳለው፣
ባንድ ዓይን የሚያየው፣ ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው።
እኔ ማንን ሸጥሁ? ድንጋይ እንጂ የጠረብሁ፤
ይሄም ዓይን የኔ ነው፤ በሱ ልጅ አሳደግሁ።»

ጋሽ ልየው ከመጋረጃው ጀርባ ሳለ። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁም።
ግራጌታን ከቦታው አነሣሁ፤ አንድ ቃል አልተናገርሁም።
ወደ ነጩ ዓይን አስጠጋሁት፣ ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣
ቀኝጌታን አራቅሁት፣ ድምፁን በግማሽ ሸሽጌ።
«ቀና በል አያ። እኔን እየኝ። እንደዚሁ።»

ብልጭ።

ኮምፒውተሩ ላይ አጎላሁት። ፊቱ ቦይ ቦይ፣ ራሱ የጠረበው የመሰለ፣
ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ኮከብ አለ።
ግራ ዓይኑ ውስጥም አለ።
ያንኑ ታህል፣ እዚያው ቦታ፣ ያቺው።
ተቀባዩ አይቶ ይመልሳል ብሎኝ ነበር ጋሽ ልየው፤
ይሄ ዓይን ግን ሳያይ መለሰ። ማንን እንደምጠይቅ ጠፋኝ፤ ዝም አልሁ።

አያ ገደፋው መነጽሩን አወጣ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ፣
ጢሙን አየ፣ ኮቱን አየ፣ ዓይኖቹን አለፋቸው፣ ምንም ሳይል፣
ከዚያ ጣቱን ከትከሻው ኋላ ጥቁር ላይ ተከለ፦
«ፏፏቴውስ? ለምን ጨለመ? እኔ የከፈልሁት ለፏፏቴው።»

«ለሱ ሦስተኛ ፍላሽ ያስፈልጋል፣ አያ» አልሁት፤
«መሪጌታው ገና ከባሕር ዳር አልመጣም።»