ራሷ የማትሰማው ቃጭል

አሆ የምትባል ከተማ፣ አሪዞና በረሃ፣
መዳቧ ካለቀ ቆየ፤ ድሮም ጥቂት ነበር ውሃ።
ከልብስ ማጠቢያዬ ሥር፣ በሐምሌ ቀትር ላይ፣
ሽምብራ የሚቆላ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ፤

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ሰምቻለሁ፤
እኔ ግን ልጥ አይደለም፣ ዋናውን አይቻለሁ።
አቧራ የሚመስል፣ አመድ የለበሰ፣
የሰፌድ ጥለቱ ካንገት ጅራት የደረሰ፣
ጅራቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀለበት በቀለበት፣
ጫፉ ቃጭል ሆኖ ዘጠኝ ቋጠሮ አለበት።
ቆብ የለውም ዓይኑ፤ አይከደንም ቢተኛ፤
ወንበር ላይ ወጣሁና ተፋጠጥን እኛ።

ኤውላልያ ቴራን መጣች፣ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣
ረጅም መቆንጠጫ በትከሻዋ ጥላ።
«ዘጠኝ ዓመቱ ነው?» ብላት፣ ሳቀች ያቺ መበለት፤
«ቋጠሮው ዕድሜ አይደለም፤ ቆዳ ያወለቀችበት
ቁጥር ነው፤ ያውም ካልተሰበረ። ደሞ ሴት ናት፤ ሆዷን እይ፤
ነሐሴ ላይ ትወልዳለች» አለች፣ ክዳኑን ገጥማ ከላይ።
«በዓይንና በአፍንጫዋ መሃል ያቺን ጉድጓድ ታያለህ?
በጨለማ ለሷ አይጥ ፍም ነው፤ አንተም ብትሆን ትበራለህ።»

ከዚያ የት ለቀቀቻት? ከአጥሬ ጀርባ፣ መቶ እርምጃ!
«ምነው ኤውላልያ» አልኩ፣ «ምን የሚሉት ነው ፍርጃ?»
«ሩቅ ከወሰድኳት ጥላዋን፣ ጉድጓዷን አታገኝም፤
ስትዞር ፀሐይ ይበላታል።
ደግሞ አይጥህን ማን ይብላ? እኔ አልበላልህም።»

እኔ ያደግሁት «እፉኝት የናቷን ሆድ ቀድዳ፣
ገድላት ትወለዳለች» ሲባል ነው፤ ተሸክሜዋለሁ እንደ ዕዳ።

ነሐሴ ሲያልቅ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ሰባት፣ ውፍረታቸው እንደ ጣት፣
ቃጭል ያልወጣላቸው፤ እሷ መሃላቸው፣ ለቀናት።
የመጀመሪያ ቆዳቸውን እስኪጥሉ አልተነሳችም፤
ከስታለች፤ አይጥ ቢያልፍም አላደነችም።

አንድ ማታ ዝናቡ መጣ፣ የአሸዋ ሽታ አስቀድሞ።
ተጠቀለለች፣ ጠፈጠፈች፣ ሳህን ሆነች፤
ከገዛ ጀርባዋ ላይ
ጠብታ በጠብታ ጠጣች።
አንድ እርምጃ ልጨምር ስል፣
ቃጭሉ።

ኤውላልያ ነግራኝ ነበር፦ «ያን ድምፅ ራሷ አትሰማውም።»
ሙሉ ዕድሜዋን ለሌላ ጆሮ ትደውላለች፤
ለሷ ጸጥታ ነው።

እግሬን መለስኩ።
ሰማሁሽ፣ ጎረቤቴ።
ሰማሁ።